የክረምቱን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በተመለከተ ለ9ኛ፣ ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች

ሰኔ 12

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በልጆቻችሁ እጅ የላክነው የፈቃድ ቅጽ ሳይፈረም የተመለሰው ብዙ ነው። አንዳንዶቻችሁም ቢሮ ድረስ መጥታችሁ «ክረምቱን ያጥናበት» ብላችሁኛል። ስጋታችሁን ስለምረዳ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያስተማራት ከከተማ የመጣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቀን ሥራ ስለማይለቃት የምትማረው ማታ በኩራዝ ነው። ልጁም ዱቄት አቡክቶ ቂጣ መጋገር የለመደው ከእሷ ነው። እስክታርፍ ድረስ ስሙን እያነሳች ትመርቀው ነበር። ያ ዘመቻ መማሪያውን በ15 ቋንቋዎች እስከ ማዘጋጀት ደርሷል፤ እኔ የማውቀው ግን በቤታችን ያደረገውን ነው። ዛሬ መምህር የሆንኩት እናቴ ደብተሬን አይታ መጠየቅ ስለቻለች ነው።

ዘመቻ ሲባል የምትደነግጡ አያቶች እንዳላችሁም አውቃለሁ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር በግዴታ ያዘመተ ነበር፤ ልጃቸው ወጥቶ የቀረባቸው ቤተሰቦች አሉ። የእኛ አገልግሎት በፈቃድ ነው። ያልፈለገ አይገደድም፣ ውጤቱም አይነካም፤ የሚሳተፉትም ማታ ቤታቸው ይገባሉ።

ሥራው ሐምሌ ውስጥ አራት ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት ብቻ ነው። ከሰዓት ለጥናት ነፃ ናቸው። ትልልቆቹ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ማንበብ ለከበዳቸው የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ያስነብባሉ። በእኔ እምነት ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ሌላውን የሚያስነብብ ልጅ የራሱንም ድክመት ያያል። ሌሎቹ የሁለት አረጋውያንን ቤት ግድግዳ ይመርጋሉ፣ ቀለም ይቀባሉ። ጣራ ላይ የሚወጣ ተማሪ የለም፤ ቆርቆሮውን የሚመታው አናጺ ነው።

ችግኝም እንተክላለን፣ ዘንድሮ ግን ጥቂት። አምና የተከልነው ከመስከረም በኋላ ውኃ የሚያጠጣው አጥቶ አብዛኛው ደርቋል፤ ጥፋቱ የእኛ የትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ አሁን ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ተማሪ እስከ መጪው ዓመት ሰኔ ድረስ ይመደባል።

የተፈረመውን ቅጽ እስከ ሰኔ 25 ላኩልን። የጤና ችግር ያለበት ልጅ ካለ ቅጹ ላይ ጻፉልን። ቦቲ ጫማና የዝናብ ልብስ ያስፈልጋል፤ የሌለው ተማሪ ካለ ለክፍል ኃላፊው በግል ንገሩት፣ እናዘጋጃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር