ይድረስ ለውዷ ሰናይት

ሰናይትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሻለሁ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ትንሿ ልጄ ነው። 7 ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ባለፈው መስከረም ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዛት። ንፍጥና ማስነጠስ ብቻ ነበር፤ ትኩሳት እንኳ የላትም። በሦስተኛው ሌሊት ግን ደረቷ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሃል ይሰረጉዳል። ሁለት ቃል አከታትላ መናገር አቃታት። አዝያት ሮጥኩ። በኦክስጅን አደረች።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ደሴ፣ ስድስተኛ ክፍል። ጉንፋን በገባ ቁጥር አስምሽ እየተነሳ ከትምህርት ትቀሪ ነበር። አያትሽ ዳማከሴ ጨምቀው በቡና ያጠጡሻል። ክፍል ውስጥ "ለምዶባት ነው" ይሉሽ ነበር፤ እኔም ብያለሁ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ጉንፋንን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ራይኖቫይረስ ነው፤ ከ160 በላይ ዓይነት አለው። አንዱን ስትለምጂ ሌላው ይመጣል። አስም ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ውስጡ ደህና በሚመስልበት ቀን እንኳ የቆሰለ ያህል ተቆጥቶ ነው የሚውለው። ቫይረሱ እዚያ ላይ ሲያርፍ ቧንቧው ያብጣል፣ አክታ ይሞላዋል፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻም ይጨብጠዋል። አስም ካለባቸው በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሕዋሳት ቫይረሱን የሚያግዱበት ኢንተርፌሮን የሚባል መከላከያም ይዘገያል ወይም ያንሳል። እንግሊዝ አገር በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ከ9 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ አስም ከተነሳባቸው ጊዜያት 80 በመቶ በሚሆኑት ቫይረስ ተገኝቷል።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ጠዋትና ማታ የምትስበው የስቴሮይድ መድኃኒት ነበራት። ክረምቱን ደህና ስትሆንልኝ "ድናለች" ብዬ አቆምኩባት። ሰማያዊውን ፓፍ ብቻ ያዝኩ። ፓፉ የተጨበጠውን ጡንቻ ይፈታል እንጂ እብጠቱን አያወርድም። እብጠቱን የሚያወርደው እኔ ያቆምኩት ነበር። ልጄ ያለ መከላከያ ነው መስከረም የገባባት።

አሁን አንድ ቀን አላሳልፍም። ከሳበች በኋላ አፏን ትጉመጠመጣለች። ነርሷ የሃይላንድ ጠርሙስ ታቹን ቀዳ ፓፉን የምንሰካበት አበጀችልን። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተፈትኖ፣ በደንብ ከተሠራ ተገዝቶ ከሚመጣው እኩል እንደሚያገለግል ታይቷል። ሲነፋ ምላሷ ላይ ይቀር የነበረው መድኃኒት አሁን ደረቷ ይደርሳል። ቡና ሳፈላም ከሰሉንና ዕጣኑን በረንዳ አውጥቻለሁ።

አንቺስ? ዛሬም የምትይዢው ሰማያዊውን ብቻ ነው? ሚኒሶታም ልጆችሽ በእኛ መስከረም አካባቢ ነው ትምህርት የሚጀምሩት፤ ጉንፋኑን ይዘውልሽ ይገባሉ። ከዚያ በፊት ሐኪምሽን ጠይቂልኝ። ያለሽን መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ወይም ደውይ። ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፤ ልጅቷም ድምፅሽን መስማት ትፈልጋለች።

ያንቺው፣ ሂሩት