ምገባው ያልደረሰላቸው ታናናሾች

ክቡር አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የቁርስና የምሳ ምገባ፣ በረሃብ ምክንያት ከክፍል ይቀሩ የነበሩ ልጆችን ከደብተራቸው ጋር ያስታረቀ ሥራ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ በሰፈሬ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተሰጣትን ዳቦ ከፍላ በቦርሳዋ ይዛ ስትመለስ አይቻለሁ፤ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወንድም አላት። የድጋፋችን ትልቁ ክፍተት ያለው እዚያ ላይ ነው።

መቀንጨር፣ ማለትም ልጅ በምግብ እጥረት ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረቱ፣ በአብዛኛው የሚከሰተው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ መሆኑን የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው ይነግሩናል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ መንግሥትም ችግሩን ቀድሞ ተረድቶ ነው በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የሰቆጣን ቃል ኪዳን የገባው። ነገር ግን ልብስ አጥባ ወይም ጉልት ነግዳ የምታድር እናት ሕፃኗን የምታቆይበት ቦታ ካጣች፣ ገንፎውን በእንቁላልና በአትክልት አበልጽጊ የሚለው ምክር (ትክክል ቢሆንም) ከጆሮ አያልፍም።

ስለዚህ በየወረዳው፣ በተለይም በገበያዎች አቅራቢያ፣ ምግብ የሚያቀርቡ የሕፃናት ማቆያዎች ሊከፈቱ፣ ምገባውም ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የክረምት ወራት እንዳይቋረጥ በጀት ሊያዝለት ይገባል። ክረምት እህል የሚወደድበት፣ የቀን ሥራም የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነውና።

አክባሪ አንባቢዎ
ከአዲስ አበባ