ሶላር ለሚገዛው ማን ይቁምለት?

ክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የወጣውንና የፀሐይ ኃይል በአገራችን እየተስፋፋ መሆኑን የሚያትተውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የፓኔል ዋጋ በዓለም ገበያ ከዓመት ዓመት እየወረደ መምጣቱንና አገራችን ፀሐይ የማታጣ መሆኗን ጠቅሰው፣ ከእንግዲህ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ አድርገው ደምድመዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ነጥቦች አልከራከርም። በመደምደሚያው ላይ ግን፣ ረጅም ዘመን ኤሌክትሪክ ያስተማርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አዳማ ውስጥ የተበላሹ ሶላሮችን ስፈታ የምውል ሰው እንደመሆኔ፣ የምለው አለኝ።

አዳማ ለታዳሽ ኃይል እንግዳ አይደለችም። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የነበረው 43 ሜጋዋት አቅም ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ከከተማችን ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. 102 የነፋስ ተርባይኖች ሥራ ጀምረው በድምሩ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ተፈጥሯል። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ፣ ማለትም የግድቦቻችን ውኃ በሚጎድልበት ወራት በመሆኑ፣ ሁለቱ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ተርባይኖቹን ከበረንዳችን እያየን ሻማ የምንለኩስባቸው ምሽቶች አሉ። የሚመነጨው ኃይል በከፍተኛ መስመር ወደ አገር አቀፉ ቋት ይገባል እንጂ በቀጥታ ወደ ሰፈራችን አይወርድም፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና ዕድሜ በተጫነው ሽቦ በኩል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የ5,150 ሜጋዋቱ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ቢሆን አንድ የተቃጠለ የሰፈር ትራንስፎርመር አይተካልንም። የከተማ ሰው ወደ ሶላር ሱቅ የሚያመራው በአብዛኛው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው።

አንድ ያየሁትን ልግለጽ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሊጡ ከልክ በላይ እየኮመጠጠ፣ ደንበኛም እየተቀየማቸው ስለተቸገሩ፣ ዓምና ዕቁብ ሲደርሳቸው እያንዳንዳቸው 400 ዋት የተጻፈባቸው ሁለት ፓኔሎች፣ አንድ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ) እና አንድ ባትሪ ገዙ። ሻጩ «ምጣዱንም ያነሣል» ብሏቸዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። አንዱ ፓኔል በአዳማ ፀሐይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሠራ የሚሰጠው 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢደርስ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከ4 ኪሎዋት ሰዓት ስለማያልፉ የሁለት ሰዓት ጋገራ እንኳ አይሸፍኑም፤ ኢንቨርተሩም ያን ያህል ጉልበት በአንድ ጊዜ ማሳለፍ የሚችል አልነበረም። የመጀመሪያው እንጀራ አይን ሳያወጣ ኢንቨርተሩ ጮኾ ጠፋ።

ሴትዮዋ ተስፋ ሳይቆርጡ ዕቃውን ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለትንሽ ማቀዝቀዣ አዋሉት። በስምንተኛው ወር ባትሪው ከመሸ ሦስት ሰዓት እንኳ መቆየት ሲያቅተው እኔን ጠሩኝ። የተሸጠላቸው የመኪና ባትሪ ነበር። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት፣ ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው መልሶ እንዲሞላ ነው፤ በየሌሊቱ እስከ ግማሹና ከዚያም በታች ሲሟጠጥ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ይጎዳሉ፤ እንደዚያ ተደርጎ ዓመት የሚቆይ ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ ያስቀመጡት ማድ ቤት ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር፣ ከምጣዱ አጠገብ ነበር። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ እንደሚወርድ ለተማሪዎቼ ስናገር ስንት ጊዜ እንደሰለቻቸው ትዝ ይለኛል። ለሶላር ተብሎ የተሠራ ባትሪ ወይም አሁን ገበያ ላይ ያለው ሊቲየም በዋጋው ውድ ነው፤ ነገር ግን እየሞላና እየጎደለ የሚቆይበትን ዕድሜ ለሚያሰላ ሰው ርካሹ እሱ ነው።

ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ፓኔሎቹ ወደ ደቡብ ዞረው፣ 40 ዲግሪ ያህል ቀና ብለው ቆመዋል። ፓኔሎቹን የገጠመውን ወጣት ይህን ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው በስልኩ ከተመለከተው ቪዲዮ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቪዲዮው ከሩቅ ሰሜን አገር መሆን አለበት። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በሰኔ ጭራሽ ወደ ሰሜን ታልፈናለች። ወደ ደቡብ እንደዚያ የቀና ፓኔል በሰኔ ወር፣ ሰማዩ ቢገለጥለት እንኳ፣ በቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከሚመጣው ቀጥተኛ ጨረር የሚያገኘው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ለእኛ 10 ዲግሪ ያህል ይበቃል፤ ያችም ዘንበል ማለት የምትጠቅመው ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ነው። በበጋ ዝናብ ስለሌለ ደግሞ የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ሰው ሊነገረው አይገባም፤ ጠዋት ፓኔሉ ሳይግል በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው።

ይህን ሁሉ በዝርዝር ያነሣሁት ወጣቱን ለመክሰስ አይደለም። እሱም እንደ ሴትዮዋ የሚጠይቀው ሰው አላገኘም። የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ ሲጠየቅ፣ በየሰፈሩ ጣሪያ ላይ እየወጣ ሶላር ለሚገጥመው ወጣት ግን መሰላልና ፕላየር መያዙ በቂ ሆኗል።

በከተማችን ዙሪያ ያለው ገበሬ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ለእኔ እንደሚመስለኝም ሶላር በእውነት የሚያዋጣው እዚያ ነው። ከወንጂ እስከ ቦፋ አዋሽን ተከትሎ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ሰው ውኃ የሚስበው በነዳጅ ፓምፕ ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ሰብሉ ማሳው ላይ ይጠወልጋል። የሶላር ፓምፕ ባትሪ አይሻም፤ ፀሐይ ስትበረታ ይስባል፣ ውኃው በኩሬ ወይም በታንከር ይጠራቀማል፣ ማሳው ብዙ ውኃ የሚፈልገውም ፀሐይ በምትበረታበት ወቅት ነው። እንቅፋቱ መነሻ ገንዘቡ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ስለዚህ ፓኔሉ በቻይና ቢረክስም የእኛ ገበሬ የሚከፍለው ብር አልረከሰለትም። ብድር ሲጠይቅ ደግሞ ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይባላል። ፓምፑና ፓኔሉ ራሳቸው መያዣ የሚሆኑበት መንገድ ቢኖር፣ ለሃያ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ከአንድ የጭነት መኪና የሚያንስ ዋስትና ነው ብዬ አላምንም።

ስለ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ብዙ አልልም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2017 ዓ.ም. ሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ፣ ከዚህም 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ፣ በአመዛኙ በሶላር እንዲሆን አቅዶ ነበር። ዓመቱ አልፏል። ከእኛ ብዙም በማትርቀው መተሐራ ሊገነባ የታሰበው የ100 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫም ጨረታው አሸናፊ ካገኘ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ወደ አዋሽ ስሄድ መንገዱን ግራና ቀኝ ባይም ፓኔል አላየሁም። የውጭ ባለሀብት በብር የሚሰበሰበውን ክፍያ በምን መልኩ ወደ ዶላር ለውጦ እንደሚያወጣ ሳያውቅ ገንዘቡን እንደማያፈስ ግልጽ ነው። የሚያስቆጨው ግን ቀን ቀን ፀሐይ ብታመነጭልን ግድቦቻችን ውኃቸውን ይዘው ለምሽቱ ባቆዩልን ነበር፤ ሌላው አገር በብዙ ገንዘብ የሚገዛውን ባትሪ እኛ በግድብ መልክ ሠርተን አስቀምጠናል።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል ለሚመለከታቸው አካላት የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ሶላር የሚገጥም ሰው አጭር ሥልጠና ወስዶ የብቃት ወረቀት እንዲይዝ ይደረግ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልጋቸውም። ወደ አገር የሚገባው ኢንቨርተርና ባትሪ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን በእርግጥ መሥራቱ በናሙና ይፈተሽ፤ 3,000 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ውስጡ ግን የዚያን ሲሶ የማይችል ኢንቨርተር በእጄ ፈትቼ አይቻለሁ። ሻጩም ዕቃው ምን ምን እንደሚያነሣና ምን እንደማያነሣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፎ፣ ፈርሞ ከደረሰኙ ጋር ይስጥ። ገዢው ዋስትና ይዞ ሲመለስ ሱቁ ተዘግቶ ቢያገኘው እንኳ የሚከስበት ወረቀት ይኖረዋል።

ከእናንተ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ሶላር ስታትሙ፣ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ስንት ስንት ዋት እንደሚስቡ የሚያሳይ አነስተኛ ሠንጠረዥ በገጹ ጥግ ላይ አኑሩልን። የጎረቤቴን ፓኔሎች ዝቅ አድርጌ፣ ባትሪውን ለውጠን ወደ ቀዝቃዛው ኮሪደር ወስደነዋል፤ አምፖሉና ማቀዝቀዣው አሁን እስከ ንጋት ይቆያሉ። ምጣዱ ግን ያው ዋናውን መስመር ይጠብቃል፤ መብራት በጠፋ ቀን ሴትዮዋ አሁንም ማገዶ ይገዛሉ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ መምህር፣ ከአዳማ