ለቱፓክ ሰባት ዓመት ከአሥር ቀን ስለጨመራችሁለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አሜሪካዊው ራፐር ቱፓክ ሻኩር ሕይወት በሚተርከው “ቱፓክ፦ ሪዘሬክሽን” በተባለው ዘጋቢ ፊልምና ስለ አድናቂዎቹ አስተያየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንባቢ ሁሉ አይቶታል፤ አልደግመውም። እኔ የምይዘው አንዲት መስመር ነው። “ራፐሩ መስከረም 13 ቀን 1996 ዓ.ም. ሕይወቱ አለፈ” ትላለች።

አላለፈም። በዚያ ቀን ማለቴ ነው።

ቱፓክ የሞተው በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 13 ቀን 1996 ነው። የዚያ ዓመት ዕንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 11 ነበር። ሁለት ቀን ቁጠሩ፤ መስከረም 3 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ዕለቱም ዓርብ። ጋዜጠኛችሁ የወሩን ስም ወደ አማርኛ አመጣና ቀኑንና ዓመቱን እዚያው ፈረንጅ አገር ትቷቸው፣ መጨረሻ ላይ “ዓ.ም.” ብሎ ማኅተም መታበት። በእናንተ ቆጠራ ሰውየው ሰባት ዓመት ከአሥር ቀን ተጨማሪ ኖሯል። “አልሞተም፣ ኩባ ተደብቆ ነው” እያሉ ስንት ዓመት የተከራከሩን ልጆች ጽሑፉን ስክሪንሾት አድርገው ላኩልኝ። “ይኸው፣ ጋዜጣም መሰከረ!”

ሌላም ጣጣ አለው። የተነጋገርንበት ፊልም አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው በእኛ ኅዳር 4 ቀን 1996 ነው። እንደ እናንተ ከሆነ የሟቹ አርባ በወጣ በሳምንት ከምናምኑ ፊልሙ ተሠርቶ፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ ለሕዝብ ቀረበ። እንዲህ ፈጣን ከሆኑስ የሰፈራችንን መንገድ ይስጡልን።

ቀን ነው፣ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ለእኛ አለበት። ላስ ቬጋስ ውስጥ በጥይት የተመታው ጳጉሜን 2 ቀን 1988 ነው። የሞተው በ1989 ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ዓመት ዞረበት ማለት ነው። እኛ ሩፋኤል ብለን ዝናብ ስንጠመቅ፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ፣ እሱ ከሞት ጋር ይተናነቅ ነበር። ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ወሬው እኛ ሰፈር የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ ልጅ ካሴቱንና መርዶውን አብሮ ይዞ መጣ።

ግጥሙን የሚገባው አልነበረም። በጆሯችን የሰማነውን በፊደል ደብተር ላይ እንገለብጥ ነበር። “ማማ” የምትለዋ ቃል ብቻ አስተርጓሚ አልፈለገችም። አንድ ቀን የእናቴን ሻሽ እንደሱ ግንባሬ ላይ ቋጥሬ ልወጣ ስል እማማ በር ላይ ያዘችኝ። “ራስህን አመመህ እንዴ?” አለችኝ። ቱፓክ ነኝ ብላት ምች መታው ልትል ነው። ዝም አልኩ። ዳማከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣችኝ። ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁት።

እንግዲህ ጽሑፋችሁ “የክልል ከተማ ወጣቶች ቱፓክን የተዋወቁት በቅርቡ በቲክቶክ ነው” ይላል። ዳማከሴውን በቲክቶክ አልጠጣሁትም።

ደግሞ እኛን የባሕር ዳር አድናቂዎቹን ባታገኙን ኖሮ ይቅር እላችሁ ነበር። አግኝታችሁናል! በየዓመቱ መስከረም 3 እንሰበሰባለን፤ ሰባት ስምንት ሰው እንሆናለን። ዘንድሮ ፊልሙን አንዱ ጓደኛችን ቤት ደግመን አይተን ወደ ጣና ዳር ወጣን። ጋዜጠኛችሁም መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ሁለት ሰዓት ተኩል አብሮን ተቀመጠ፣ ቀዳ፣ ጻፈ፣ ፎቶ አነሳ። ያ ቀን መስከረም 3 ነበር። ለምን በዚያ ቀን እንደተሰበሰብን ነግረነዋል። ቤቱ ገብቶ 13 ብሎ ጻፈ።

ከሁለት ሰዓት ተኩሉ የወጣው ምንድን ነው? ስለ ቆሮሶ ዓሣ ጥብሱ አንድ ሙሉ አንቀጽ። ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ እሱን አልክድም። ስለ ፊልሙ ያልነው ግን የለም። አስተያየቱ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጆች ነው፣ እነሱም “በጣም አሪፍ ነው” ነው ያሉት።

እኛ ተጣልተን ነበር እኮ። ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር የሚተርከው ቱፓክ ራሱ ነው፤ በሕይወት እያለ ከሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ድምፁን እየቀጣጠሉ። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ይህን አልወደደውም። “ሟች ለራሱ ሙሾ ሲያወርድ የት አይታችኋል?” አለ። እኔ ደግሞ ለዚያ ነው የምወደው። ስንቱ በስሙ ከነገደ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ራሱ ይናገር።

ከመካከላችን ያለችው አንዲት ሴት ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። ቱፓክ በወሲብ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ በ1995 እ.ኤ.አ. እስር ቤት መግባቱን ታውቃላችሁ። “ተራኪው እሱ ብቻ ከሆነ የከሳሿን ወገን ማን ይንገረን?” አለች። አንዱ እናቱ አፌኒም ከፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች አንዷ ስለሆነች የልጇን ጉድ ሸፍናለች ሲል በእናቲቱ ላይ ተነሳ፤ ጓደኛችንን ሊያግዛት መስሎት ነው መሰለኝ። “እናቱን ተዋት” አለችው። “ነፍሰ ጡር ሆና ፍርድ ቤት ቆማ ለራሷ ተከራክራ ነፃ የወጣች ሴት ናት። ዕፅ ስትጠቀም እንደነበርም ልጇ በዘፈን ሲናገርባት አላፈረችም። እኔ የምለው ስለ ሌላኛዋ ሴት ነው።” ቡናው ቀዘቀዘ። ጋዜጠኛችሁ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ወረቀት የት ገባ? ዓሣ ተጠቀለለበት?

ስለ ፎቶው ደግሞ ልናገር፣ አንዴ ከጀመርኩ። ታንኳዋ ሙሉ ወጥታለች። ሐይቁም ሙሉ ወጥቷል። ከእኔ የተረፈው በግራ በኩል ክርኔና የማኪያቶ ብርጭቆዬ ነው። ሥሩ ላይ “የባሕር ዳር ወጣቶች በሐይቁ ዳርቻ ሲዝናኑ” ይላል። ወጣት ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ልጄ ሳቀች እንጂ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቀኑን አስተካክሉ፣ ያውም ቆሮሶው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን። የዚያችን ሴት አስተያየት አውጡት፤ እኛን ብትተዉንም እሷን አትተዉ። ጋዜጠኛችሁንም ለከርሞ ላኩልን፣ ወንበሩ ይጠብቀዋል። መስከረም 3 ይምጣ። በ13 ከመጣ ግን የሚያገኘው ዓሣውን ብቻ ነው።

የክርኑ ባለቤት፣ ከባሕር ዳር