ሸጋ ልትሄድ ነው

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጠፋሁብህ፣ አውቃለሁ፤ አውፍ በለኝ። ሰበብ ልደርድር ብል አንዱንም አታምነኝም፣ ስለዚህ ይቅር። ልደውልልህ ስልኬን እያነሳሁ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። የሆዴ ነገር በስልክ አልወጣ አለኝ። ዛሬ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል መጻፍ ጀመርኩ።

ስለ ሸጋ ልነግርህ ነው።

ሸጋ ማናት ብለህ ጆሮህ ሲቆም ታየኝ! አንተ እኮ ይሄኔ ለመንደሩ ሁሉ ሠርግ ልታውጅ ተነስተሃል። ተረጋጋ። ሸጋ ጭልፊት ናት። እዚህ ኤምሬትስ፣ አል ዐይን ከተማ ዳር ባለው የአሠሪዬ የባባ እርሻ ላይ የምንከባከባት፣ ክንዴ ላይ ተቀምጣ የምታመሽ ጭልፊት። የውሃ ቦቴ መንዳቱን ትቼ ወደ ወፎቹ መዛወሬን ሰምተሃል መሰለኝ። ካልሰማህም ይኸው ሰማህ። ደግሞ የወፍ እረኛ ሆነ እንዳትለኝ። በፈረንጆቹ 2010 ዩኔስኮ በሰው ልጅ ቅርስነት የመዘገበው ሙያ ነው። ሸጋ ፓስፖርት አላት፣ ቁጥሯ እግሯ ላይ ካለው ቀለበት ጋር የሚመሳከር። አንተ ስንት ዓመት ሙሉ አወጣለሁ ስትል ቀድማህ አወጣች።

ያኔ ጭላት ሲያንዣብብ ከጫጩቶቹ ቀድመህ እናትህ ቀሚስ ሥር የምትገባው አንተ ነበርክ። ወንጭፍ ይዤ የምሮጠው እኔ። አሁን የእሱን ዘመድ በየማለዳው ሚዛን ላይ አቆማታለሁ ብልህ ታምነኛለህ?

ቀኔ የሚጀምረው በሚዛን ነው። ሸጋ አንድ ሺህ ግራም አለፍ ትላለች። ከበድ ካለች ጠግባለች ማለት ነው፤ ብትለቃት አንዱ የመብራት ምሰሶ ላይ ወጥታ ቁልቁል እያየችህ ትቀራለች። ከቀለለች ደግሞ አቅም አይኖራትም፣ ትጎዳለች። ያቺን መሃከሏን ማግኘት ነው ሥራው። ከሚዛኑ በፊት ግን ያደረችበትን አያለሁ። ማታ ከበላችው ድርጭት ያልተፈጨው ላባና አጥንት ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ያድርና ጠዋት አንገቷን ወዲህ ወዲያ እያለች ትተፋዋለች። አውራ ጣት የምታህል ጥቅልል ናት። አንስቼ በጣቴ እፈረካክሳታለሁ፣ አሸታታለሁ። ሽታ ከሌላት ደህና አድራለች። ኩሷንም አያለሁ፤ ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር መሆን አለበት። አረንጓዴ ያየሁ ቀን ቁርስ አይወርድልኝም።

መጀመሪያ ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። ሰው የፈለፈላት አይደለችም፤ ከዱር ተይዛ ለባባ በስጦታ የመጣች ናት። እዚህ ሁር የሚሉት ዝርያ ናት፣ ደረቷ ነጣ ያለ፣ ጀርባዋ ቡናማ። ስታየኝ አፏን ከፍታ ትነፋብኝ ነበር። ክንዴ ላይ ሳስቀምጣት ራሷን ቁልቁል ትወረውራለች፤ በእግሯ ጠፍር ተንጠልጥላ ትንፈራገጣለች። ቀስ ብዬ ደግፌ እመልሳታለሁ። ደግሞ ትወረወራለች፣ ደግሞ እመልሳታለሁ። እጄ እስኪዝል። ሌሊቱን እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ ሕፃናቱ እየተሯሯጡ፣ ቡና እየተቀዳ፣ ይዣት እቀመጣለሁ። ዓይኗን የምትሸፍን የቆዳ ቆብ አለች፣ ቡርቃ ይሏታል። ዓይኗ ካላየ ትረጋጋለች። ከዚያ ለአፍታ ገለጥ ታደርግላታለህ፣ አንድ ጉርሻ ሥጋ ታቀምሳታለህ፣ ትሸፍናታለህ። በሚቀጥለው ሌሊት ትንሽ ረዘም ታደርጋለህ።

ያስተማሩኝ አንድ የፓኪስታን ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ቻቻ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ነው የጨረሱት። መጀመሪያ የነገሩኝ ነገር ይሄ ነበር፦ በሬ ትገርፋለህ፣ ፈረስ ትገራለህ፣ ይህቺን ግን አንዴ በቁጣ ከነካሃት አለቀ። ቅጣት የሚባል ነገር አይገባትም። አጠፋሁ ብላ አታስብም። አንተ ክፉ ነህ ብላ ብቻ ነው የምትይዘው፤ የተለቀቀች ቀንም ትሄዳለች።

እዚህ እንደመጣሁ የነበርኩበትን ቤት ታውቃለህ። ቀኑ በጩኸት ነበር የሚነጋው፣ በጩኸት ነበር የሚመሸው። እኔም እየቆየሁ ጯሂ ሆኜ ነበር፤ ከእኔ በታች ያለውን ልጅ እጮህበት ነበር። ሸጋ ፊት ግን ድምፅህን ከፍ ብታደርግ የምታተርፈው ነገር የለም። ትከሻዬን የማወርደው፣ ትንፋሼን የማቀዘቅዘው ለእሷ ስል ነው። አንዳንድ ቀን ከአገር ቤት መጥፎ ወሬ ሰምቼ ልቤ ተሸብሮ ስገባ ምንም ሳልናገር ታውቅብኛለች፤ ላባዋን ሰብስባ ቀጥ ትላለች። ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ቆይታ ላባዋን ለቀቅ ታደርጋለች፣ አንድ እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች። ያቺን እግር ስታነሳ ሳይ፣ እንዴት ልበልህ፣ ሰው አምኖኛል እላለሁ።

በአማርኛ ነው የማወራት። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ባባ ወይም ቻቻ ሲኖሩ በአረብኛ፣ ብቻችንን ስንሆን ግን በእኛው። ስለ እማ፣ ስለ ሐይቅ፣ ስለዚያ ስለ ጎርፉ ቀን ሳይቀር አውርቻታለሁ። ስጠራትም «ነይ ሸጋዬ» ነው የምላት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ገመድ የለቀቅኳት ቀን ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እስከዚያ ድረስ በረጅም ሲባጎ ነበር የምትበረው። ያን ቀን ቻቻ ራሳቸው ሲባጎውን ፈቱና «በል» አሉኝ። ቡርቃዋን ገለጥኩ። አካባቢውን አየች፣ አንዴ ተራገፈች፣ ሄደች። ሻሂን የሚሉት ዝርያ ከላይ ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ሸጋ የተዋጣላት መሬት ለመሬት ነው፤ አሸዋውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ታሳድዳለች። ያን ቀን ግን የምታሳድደው አልነበራትም፤ ዝም ብላ ራቀች። ነጥብ ሆነች። ላባ የታሰረበትን ማባበያ ተልዋሁን እያሽከረከርኩ ጮህኩ፣ «ነይ! ነይ!» ጀርባዋ ላይ መከታተያ አስረናል፣ ብትጠፋም ፈልገን እንደምናገኛት አውቃለሁ፤ ግን ልቤ እሱን አልሰማ አለ። ዞረች። መጣች። ስትመጣ የክንፏ ነፋስ ፊቴን መታኝ።

ማታ ለቻቻ ወደደችኝ እኮ አልኳቸው። ሳቁ። «አልወደደችህም፣ አላታለልካትም፤ ሥጋ አለ ብለህ ጠርተህ ሥጋ ሰጠሃት» አሉኝ። ያኔ ትንሽ ከፋኝ። አሁን ሳስበው ግን ከመወደድ አያንስም። ሰማዩ ሁሉ ክፍት ሆኖላት ወደ እኔ የምትመለሰው፣ ቃሌን ስላልበላሁባት ብቻ ነው።

አንዴ የክንፏ ላባ መሃሉ ላይ ተሰበረ። ላባ የሚቀይሩት በዚህ አገር በጋ ነው፣ ሙቀቱ እንዳይጎዳቸው ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ከርመው። እስከዚያ ተሰብራ ልትቆይ ነው። ለካስ ቻቻ ካለፈው ዓመት የወደቁትን ላባዎቿን በወረቀት ጠቅልለው አስቀምጠዋል። የተሰበረውን ቆረጡት፣ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ግማሹን ባለው ግንድ፣ ግማሹን በአሮጌው ላባ ውስጥ አስገብተው አጣበቁት። የእማ ጋቢ ሲጣፍ ነው የመሰለኝ። የቱ ጋ እንደተቀጠለ በጣት ካልዳሰስከው አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወደቀላትን ላባ ሁሉ እኔም አስቀምጣለሁ። ትራሴ አጠገብ፣ በጫማ ካርቶን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ።

እዚህ በሼክ ዛይድ ስም የሚጠራ፣ ጭልፊቶችን ወደ ዱር የሚመልስ ሥራ አለ። በፈረንጆቹ 1995 ነው የተጀመረው። አደኑ ሲያበቃ ባለቤቶች የሰጧቸውን ወፎች ይሰበስቡና ይመረምራሉ፣ ያጠነክራሉ፣ ከዚያ ወስደው ይለቃሉ። እስካሁን ከ2,000 በላይ ለቀዋል፤ ፓኪስታን፣ ኢራን፣ ኪርጊስታን፣ ካዛክስታን። የሸጋ ዝርያ በዓለም ላይ እየተመናመነ ነው፣ ስለዚህ አንዷም ብትሆን ዋጋ አላት። ባባ አንዷን ሊሰጡ ነይተዋል። ባለፈው ጠሩኝና «አንተ ነህ የምታውቃት። ለመሄድ ደርሳለች ወይስ ትቆይ? አንተ ያልከውን ነው የማደርገው» አሉኝ።

እኔን! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እዚህ አገር ኖሮ አያውቅም። ምን ልበል? አንደበቴ ተያዘ። «ትንሽ ልያት» አልኩና ወጣሁ።

ደርሳለች። እኔ ነኝ የማውቀው፣ ደርሳለች። እግሯ ንጹህ ነው፣ እብጠት የለውም። ትንፋሿ ጥሩ ነው። ከዱር የመጣች ስለሆነች ማደን አልረሳችም፤ ባለፈው በድሮን የምንጎትትላትን ሰው ሠራሽ ሁባራ (የሚያድኗት ወፍ ናት) ትታ ከጎን የተነሳች እርግብ ይዛ ቁጭ አለች። ሆዴን የሚቆርጠኝ ሌላ ነው። ምሰሶ ትወዳለች አላልኩህም? ዘመዶቿ በሚኖሩባት ሞንጎሊያ ሜዳው ዛፍ የለውም፤ ወፎቹ የሚያርፉት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው። ሽቦው አሠራሩ መጥፎ ከሆነ ክንፋቸው ሲነካው ኤሌክትሪክ ይገድላቸዋል። በብዛት ነው የሚያልቁት። አሁን አሁን ሽቦውን እየሸፈኑት ነው አሉ፣ ግን አገር ሙሉ ምሰሶ በአንዴ ይሸፈናል? ሌሊት ሌሊት ዓይኔን ስከድን ምሰሶ ነው የሚታየኝ።

አትሂድ ልበል እንዳልል ደግሞ... እሷ ክንዴ ላይ ሆና ወደ ሰማይ ቀና ስትል አይቻታለሁ። እኔ የማላየውን ነገር ነው የምታየው። ሌላ ወፍ ከላይ ያልፋል፣ እኔ ሰማዩን ብፈትሽ ምንም የለም፤ እሷ ግን አንገቷን እያዞረች እስኪያልፍ ትከተለዋለች። ላስቀርሽ ብላት ለእሷ ብዬ ነው ማለት አልችልም። ለራሴ ነው የማስቀራት።

ባባ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወፍ እሰጥሃለሁ ብለዋል። ቻቻ አገራቸው ሊገቡ ነው። እኔም... እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። የመምጣቴን ነገር አሁን አታንሳብኝ፣ እማም እንዳይሰሙ።

አንተ ነገር ቶሎ ትቆርጣለህ። ያንን ወይፈን ስትሸጥ ሁላችን ስናለቅስ አንተ ብቻ ነበርክ ቀጥ ያልከው፣ ትክክልም ነበርክ። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። አሁንም ቆርጠህ ንገረኝ። እኔ ትሂድ ወደማለቱ እያዘነበልኩ ነው፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

አንድ ሌላ ነገር። ይሄ ዝርያ በሰሜን ቅዝቃዜው ሲበረታ ብርዱን ሸሽቶ አንዳንዱ እስከ እኛ አገር ይወርዳል። ከኅዳር በኋላ ሜዳው ላይ፣ እግሯ ላይ ቀለበት ያላት ቡናማ ጭልፊት ብታይ ልጆቹን ወንጭፍ አስጥላቸው። የማንም ትሁን፣ አስጥላቸው። እናትህም ጫጩቶቻቸውን ቀን ቀን ይዝጉልኝ፤ የጎደለውን እኔ እልካለሁ።

ወደ ጭልፊት ሆስፒታሉ ለምርመራ የምንወስዳት በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ነው። ባባ መልሴን ከዚያ በፊት ይፈልጋሉ። ስለዚህ እስከ ጁምዓ ጻፍልኝ። በድምፅ አትላክ፣ እዚህ ሰው በተሰበሰበበት ነው የምሰማው። የእናትህን ጉልበት ስሜያለሁ፣ ዱዓቸው አይለየኝ።

አብሮ አደግህ