ካርታዎቻችሁ ላይ ኮንቱር መስመር ጨምሩበት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው በወረቀት ነው፣ የከፍታ ወይ የዝናብ ካርታ ካወጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ግን ካርታው በቀለም ተሰርቶ ገጹ በጥቁርና ነጭ ስለሚታተም ቀዩም አረንጓዴውም አንድ አይነት ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ዳሎልና ራስ ዳሽን አይለዩም።

ስራዬ ከአር ጋር ነው፣ አር በነጻ የሚገኝ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፣ እና መፍትሄው ቀላል ስለሆነ ነው የምጽፍላችሁ። ኮንቱር መስመር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ወይም እኩል ዝናብ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር፣ ጨምሩበት። ቀለም ቢጠፋ መስመር አይጠፋም፣ ከፍታውም በቁጥር ላዩ ላይ ይጻፋል። ኢሜጅ በሚለው ፈንክሽን (የአር ትእዛዝ) ቀለሙን ቀቡ፣ ከዛ ኮንቱር የሚለውን ጠርታችሁ አድ የሚለውን ምርጫ ትሩ (አዎ) አድርጉት፣ አዲስ ስዕል ሳይጀምር እዛው ላይ ያሰምርላችኋል፣ በቃ።

ፊልድ ኮንቱር የሚለውን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። እሱ ገጹን ለሁለት ይከፍለዋል፣ አንዱ ለካርታው አንዱ ለቀለም መግለጫው፣ ስለዚህ ከጨረሰ በኋላ መስመር ልጨምር ስትሉ መስመሩ ከካርታው ጋር አይገጥምም። ኤረር እንኳን አይሰጥም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ ካርታ ያወጣል፣ በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው፣ የጎርፍ ካርታ ቢሆን ሰው አምኖት ነው የሚያነበው። መስመሩን ፕሎት አክሲስ የሚለው አርጉመንት (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ምርጫ) ውስጥ አስገቡት፣ የጎንና የታቹን መለኪያም እዛው ጻፉ፣ አለበለዚያ ይቀራል። ለመሞከሪያ ቮልካኖ የሚባል ዳታ ከአር ጋር አብሮ ይመጣል፣ ኒውዚላንድ ኦክላንድ ያለው የማውንጋ ፋው እሳተ ገሞራ ከፍታ ነው፣ 87 በ61 ነጥብ፣ በየ10 ሜትሩ (አር ራሱም የተጀመረው ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው)።

ካልነገራችሁት መስመሩ የሚያልፍበትን ከፍታ ራሱ አር ይመርጣል፣ ወደ 10 እርከን አድርጎ። ለኛ አገር ግን ሌቭልስ የሚለው ላይ 500፣ 1500፣ 2300 እና 3200 ብላችሁ ስጡት። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብዙ ጊዜ የሚለዩት በነዚህ ከፍታዎች ነው፣ ገበሬውም ተማሪውም ወዲያው ይገባዋል፣ ጤፍ የት ገብስ የት እንደሚዘራ ከካርታው ላይ ያየዋል።

ዝናብ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ኮንቱር የሚሰራው እንደ ሰንጠረዥ በረድፍና በአምድ በተደረደረ ዳታ ነው፣ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተነ ስለሆነ መሃሉ መጀመሪያ በስሌት መሞላት አለበት፣ ጣቢያ በሳሳበት ቆላ ላይ መስመሩ ግምት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጣቢያዎቹን በነጥብ አሳዩን፣ ግምት የሆነውን መስመር ደግሞ ቆራርጣችሁ አስምሩት፣ ለዚህም የመስመሩን አይነት የሚወስነውን ኤልቲዋይ የሚለውን 2 አድርጉት።

አክባሪያችሁ፣ ከባህር ዳር