በቤት የተማሩ ልጆች የትኛው ክፍል ይገባሉ? ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ዓመታት በቤት ውስጥ የተማሩ ልጆችን የክፍል ምደባ ይመለከታል

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በክልላችን ግጭቱ ሲቀሰቀስ ትልቋ ልጄ ሦስተኛ ክፍልን፣ ወንድሟ ደግሞ ኦ ክፍልን አጠናቀው የመስከረምን ምዝገባ ይጠባበቁ ነበር። መስከረም ጠባ፤ በምንኖርባት የጎጃም ትንሽ ከተማ ያለው ትምህርት ቤት ግን አልተከፈተም። ዛሬ ልጅቷ 12፣ ወንድሟ 9፣ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቀው ታናሻቸው ደግሞ 6 ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ሦስቱንም የማስተምረው እኔው ነኝ፣ እዚሁ ቤታችን። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያሉት የእኔ ልጆች ብቻ እንዳልሆኑ፣ በክልሉ ከትምህርት ገበታ የራቁት ሕፃናት በሚሊዮን እንደሚቆጠሩ ቢሮው ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለግጭቱ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ክርክር የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ አይደለም። የምጠይቀው፣ እነዚህ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚገቡበት ክፍል በመጨረሻው ካርዳቸው ወይም በዕድሜያቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ እንዲወሰን፣ ለዚህም ቢሮው አንድ ወጥ የምዘና መመሪያ እንዲያወጣ ነው።

ይህን ለመጠየቅ ያነሣሣኝ ትምህርት በተጀመረበት በአንድ አጎራባች አካባቢ የሆነው ነው። የ13 ዓመት ልጅ ለምዝገባ ሲቀርብ በእጁ ያለው ሰነድ ወደ አራተኛ ክፍል መዛወሩን የሚገልጽ ካርድ ብቻ ስለነበር፣ በእነዚያ ዓመታት አጎቱ ቤት ውስጥ ማካፈልንና ክፍልፋይን አስተምሮት ሳለ፣ ከዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር አራተኛ ክፍል እንዲቀመጥ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ አፍሮ አቋረጠ። ርእሰ መምህሩን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ከካርዱ ሌላ የሚመራበት ደንብ የለውም። በሌላ በኩል ልጁን በቁመቱ ገምቶ ሰባተኛ ክፍል ማስገባትም መፍትሔ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ አብዛኛው ተማሪ ሳይፈተን ወደ ቀጣዩ ክፍል መዛወሩ ይታወሳል፤ ያ የጥቂት ወራት መቋረጥ ነበር፣ የአሁኑ ግን የዓመታት ነው።

በቤት ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት እውነተኛ ትምህርት ነው ወይ ብሎ የሚጠራጠር ባለሙያ ሊኖር ስለሚችል፣ በእኛ ቤት እንዴት እንደሚካሄድ ላስረዳ። ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን በአንድ ጊዜ ሲያስተምሩ ከባዱ ነገር ይዘቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። ትልቋ መመሪያ አንብባ ለብቻዋ መሥራት ስለምትችል የሒሳብ ጥያቄዋን አስቀድሜ እሰጣታለሁ፤ መካከለኛው የታዘዘውን ምንባብ ይገለብጣል፤ እኔ ከትንሹ ጋር ፊደል ገበታው ፊት እቀመጣለሁ። ትንሹ ቶሎ ስለሚሰለች ሲበቃው እለቀውና ወደ መካከለኛው እዞራለሁ። ከሰዓት በኋላ ተራው ይለወጣል፤ መካከለኛው ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል፣ ትልቋ ለመካከለኛው የቃል ጽሕፈት ታጽፋለች፣ እኔ ወጥ እየሠራሁ አዳምጣለሁ፣ ስሕተት ስሰማም ከጓዳ አርማለሁ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል ቆጣሪውን ሲያስጠና የኔታ ሁሉንም በአንድ ጆሮ ይከታተሉ እንደነበር የክልላችን ሰው ያውቀዋል፤ እኔንም የሚያግዘኝ እሱው ልማድ ነው።

አንዳንዱ ትምህርት ደግሞ ለሦስቱም በአንድነት ይሰጣል። እህል ስንሰፍር ትንሹ ጣሳውን ይቆጥራል፤ መካከለኛው የአንዱን ጣሳ ዋጋ በብዛቱ ያባዛል፤ ትልቋ ሲሶው ለዘር፣ ሩቡ ለብድር ቢወጣ ለቀለብ የሚተርፈው ስንት እንደሆነ ታሰላለች። ሲሶና ሩብ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ የሚለውን ጥያቄ ከመጽሐፉ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስታበት፣ ከጆንያው አጠገብ 12 ጣሳ ደርድራ አራቱንና ሦስቱን ለይታ ሰባት አሥራ ሁለተኛ መሆኑን ራሷ አገኘችው። ካርዷ ላይ ግን አሁንም «ወደ 4ኛ ክፍል ተዛውራለች» ከሚለው በቀር የተጻፈ ነገር የለም።

የማልችለውንም አልደብቅም። እንግሊዝኛ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ የአካባቢ ሳይንስን እንደምንም ብንወጣውም ልጅቷ ወደ ላይኛው ክፍል ይዘት በተጠጋች ቁጥር እኔ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የጎረቤቶቼ ነው፤ ማንበብ የማትችል እናት ምን ታስተምር? በእንደነዚህ ያሉ ቤቶች አስተማሪዋ ታላቅ እኅት ናት፤ እሷም ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጊዜ ሲተርፋት ነው። ትምህርት ቤት መዋል የቀረባት ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት ልትዳር እንደምትችል ለቢሮው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

የጠየቅሁት ምዘና ለአገራችን የትምህርት ሥርዓት እንግዳ አይደለም። በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ሕፃናት የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ይዘት በሦስት ዓመት ጨርሰው ወደ መደበኛው ሲገቡ ኖረዋል፤ በብሔራዊ ፈተናም የግል ተፈታኝ የሚባል ተማሪ አለ። ስለዚህ በየክፍሉ ሊታወቅ የሚገባው ዝቅተኛ የመማር ብቃት ተለይቶ፣ በአማርኛ፣ በሒሳብና በእንግሊዝኛ አጭር የጽሑፍና የቃል ምዘና ተዘጋጅቶ፣ ትምህርት ቤቱ በምዝገባ ሳምንት እንዲሰጠው ቢደረግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። በሁለት ትምህርት በርትቶ በእንግሊዝኛ የደከመ ልጅ ሙሉ ለሙሉ ወደ ታች እንዳይወርድ፣ በማካካሻ ክፍለ ጊዜ እንዲደገፍ መመሪያው በግልጽ ቢደነግግ መልካም ነው። ለስድስተኛና ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም በቤት ሲያጠኑ የቆዩ ልጆች በግል እንዲቀመጡ ይፈቀድ።

እስከዚያው ልጆቹ የሚማሩበት ነገር ያስፈልጋቸዋል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወሩ እናያለን፤ ኔትወርክ በሌለበትና ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ሩቅ በሚኬድበት ቀበሌ ግን የታተመ መጽሐፍ አቻ የለውም። በተዘጉ ትምህርት ቤቶች መጋዘን የተቀመጡ መጻሕፍት ካሉ፣ አቧራ ከሚጠጡና ምስጥ ከሚበላቸው ወላጅ ፈርሞ ይውሰዳቸው። ሬዲዮም አለ፤ በኮሮና ጊዜ የተሰጡት የሬዲዮ ትምህርቶች ይዘታቸው ተከልሶ፣ የታችኞቹ ክፍሎች በአንድ ሰዓት የላይኞቹ በሌላ ሰዓት ቢተላለፉ አንዲት ሬዲዮ ያለችው ቤት ሁሉንም ልጆቿን በየተራ ታስተምርበታለች። መምህራንን ቤት ለቤት ማሰማራት ግን በዚህ ጊዜ ሕይወታቸውን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ አልጠይቅም።

የምዘና መመሪያው ከመጪው ነሐሴ ምዝገባ በፊት ተዘጋጅቶ ትምህርት ለሚከፍቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲደርስ፣ ወላጆችም በሬዲዮ እንዲሰሙት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሦስት ልጆች እናት
ምዕራብ ጎጃም

ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ